የቼስትነት አበባ በፖስታ

ስዊት በርች ሸለቆ፣ ኖርዝ ካሮላይና
ጁላይ 2 ቀን 1953

ለማላውቅህ ዘመዴ ለኤስተል ሃኒካት፣

ይህ ወረቀት አንተንና ባለቤትህን በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዴልፊያ እባላለሁ። አያትህ ሆሲያ የአባቴ ወንድም ነው። ስለዚህ ብትወድም ባትወድም አክስትህ ነኝ። አድራሻህን የሰጠችኝ በሜይ ወር የዘመድ መቃብር ለማጽዳት ከኦሃዮ የመጣችው እህትህ ናት። "ደብዳቤ ይመልሳል?" ብላት፣ "እሱ የሰው የስልክ ሽቦ ይዘረጋል እንጂ ራሱ አያወራም" አለችኝ። እንግዲያስ አንተ ዝም በል፣ እኔ አወራለሁ። ደግሞ አትደንግጥ፣ ገንዘብ አልጠይቅህም። የምጠይቅህ አበባ ነው።

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ሥር ልቆፍር ከሸለቆው በላይ ወዳለው ቋጥኝ ወጣሁ። እባብ ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ስለሆነ ሰው አይደፍረውም። ገና ሳልደርስ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልሸተተኝ ሽታ ነው፤ ጣፋጭም ነው፣ ትንሽ ኮምጠጥም ይላል። እናቴ ራሴን ያዞረኛል ትል ነበር። እኔ ግን ቆሜ አለቀስኩ። የቼስትነት ዛፍ አብቦ ነበር።

በልጅነቴ በእነዚህ ተራሮች ላይ ከአራት ዛፍ አንዱ ቼስትነት ነበር። በዚህ ወር ጋራው ነጭ ለብሶ ይታያል። በመከር እሾሃማው ቅርፊት ይፈነዳና ከውስጡ ሦስት ሦስት ቡናማ ፍሬ ይወድቃል፤ ድቡም፣ አሳማውም፣ እኛም ከአንድ መሬት እንለቅም ነበር። ከዚያ የግንድ በሽታ መጣ። በነፋስ ነው የመጣው ይላሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ የቀረ የለም። አሁንም ከየጉቶው ቀንበጥ ይወጣል፣ ግን ሳያብብ ይደርቃል። ይሄኛው ከቋጥኙ ጥግ ተሸሽጎ አደገና አበበ። እሱም ቢሆን ግንዱ ሥር ቁስል ጀምሮታል። አፈሩን ገለጥ አድርጌ ሳየው ከመሬት በታች ያለው ቅርፊት ጤነኛ ነው። አፈር የሚያድነው ከሆነ አፈሩን ወደ ላይ ላውጣለት አልኩና ቁስሉን በጭቃ ለስኜ በአሮጌ ቀሚሴ አሰርኩለት።

ችግሬ ይሄ ነው። ቼስትነት በራሱ አበባ አያፈራም፤ የሌላ ዛፍ የአበባ ዱቄት ሊደርሰው ይገባል። አምና የወደቁትን ቅርፊቶች ከሥሩ ለቅሜ ከፈትኳቸው፤ ፍሬዎቹ ሳስተው፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ ሌላ ያበበ ዛፍ የለም።

አያትህ ሚቺጋን እንጨት ሊቆርጥ ሲሄድ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የኮት ኪሱን በቼስትነት ሲሞላ አይቼዋለሁ። "እዚያ ከሌለ አልቆይም" አለ። ቆየ። ስለዚህ ተክሎታል ማለት ነው፤ እንዲህ ብዬ ነው ያሰላሁት። ልጄ፣ ያ ዛፍ አለ ወይ? ካለስ ያብባል?

አገሩን ለቆ ለሄደ ሰው ባዶ ደብዳቤ አንልክም። ከነአበባዋ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጬ አስገብቼልሃለሁ። ሽተታት።

አክስትህ ዴልፊያ


ፓይን ሌክ፣ ሚቺጋን
ጁላይ 19 ቀን 1953

የተከበሩ አክስቴ ዴልፊያ፣

የእኔና የባለቤቴ የአይና ሰላምታ ይድረስዎ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልን። እህቴ እውነቷን ነው፣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ይህን ስጽፍ አይና ሁለት ጊዜ መጥታ ያመመኝ ነገር እንዳለ ጠይቃኛለች።

ዛፉ አለ። ቤታችን ፊት ለፊት ነው ያለው፤ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። እኛ የአያቴ ዛፍ እንለዋለን እንጂ ሌላ ስም አናውቅለትም። አባቴ እንደነገረኝ አያቴ ኪሱን ሞልቶ ቢነሳም በባቡር ሲበላው መጥቶ ሁለት ፍሬ ብቻ ተረፈው። አንደኛውን አይጥ በላው። ይሄኛው ታዲያ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ነጥብ የምታክል ቁስል የለበትም። እኛም ጋ የሚወድቀው ቅርፊት ባዶ ነው። እስከ ዛሬ አመሉ ይመስለን ነበር፤ ለካ ብቸኝነት ኖሯል።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሙሉ በሙሉ አብቦ ነበር። ቅዳሜ የሥራ ቀበቶዬን ታጥቄ፣ የምሰሶ መውጫ ብረት ጥፍሬን ጫማዬ ላይ አስሬ ወጣሁበት። እንደ ፈትል የረዘሙት አበቦች ፊቴን እየጠረጉ አላሳይ አሉኝ። አክስቴ፣ ከላይ ያየሁትን እንዴት ልንገርዎ! ንቡ፣ ዝንቡ፣ ጥንዚዛው አንዱ በአንዱ ላይ ይረማመዳል። ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጭ አለ፤ ቀንዱ ከገላው የሚረዝም አለ። እጄ ላይ ወጥተው እየተራመዱ አንዱም አልነከሰኝም፤ ከአበባው ጋር ነበር ጉዳያቸው። ሃያ ሁለት ዓመት እንጨት ላይ ስወጣ ኖሬያለሁ፤ የምወጣበት ሁሉ የሞተ እንጨት እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

የላኩልኝን ቅርንጫፍ ግንዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ አሰርኳት። አንድም ዱቄቷ ይጠቅመው እንደሆነ ብዬ ነው። አንድም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከዘመዱ ጋር ይገናኝ ብዬ ነው። አይና ከታች ሆና ስታየኝ ሳቀችብኝ።

አበባውን በጫማ ሳጥን ልኬልዎታለሁ። በቂ ካልሆነ ይጻፉልኝ፤ ሌላ ሳጥን አለ።

አክባሪዎ ኤስተል


ስዊት በርች
ኦገስት 3 ቀን 1953

ልጄ ኤስተል፣

አንተንና አይናን ጌታ በክንፉ ይጋርዳችሁ። ነጥብ የምታክል ቁስል የለበትም ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና አራተኛ አነበብኩት።

ሳጥኑ ደርሶኛል። ፖስታ አመላላሹ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አመጣና "እትዬ ዴልፊያ፣ የሞተ ነገር ነው የተላከልሽ" አለኝ። ስከፍተው ግን ቤቴ በሙሉ በልጅነቴ ሽታ ተሞላ። የሚያሳዝነው ዘግይቷል። የእኔ ዛፍ አበባ ቡናማ ሆኖ ረግፏል። እዚህ ከእናንተ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ያብባል፤ ይህን አላሰብንበትም።

የእርሻ ባለሙያው ዘንድ አውራጃ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ዱቄቱ በደንብ ደርቆ በብርድ ከተቀመጠ ዓመት ሊቆይ ይችላል አለኝ። "ሊቆይ ይችላል" ሲል ግን አስተያየቱን አልወደድኩለትም። ያም ሆነ ይህ አበባውን በጋዜጣ ላይ አራገፍኩ። ከአንድ ሳጥን የወጣው የሻይ ማንኪያ ግማሽ አይሞላም፤ ብጫ ሆኖ ጢስ የመሰለ ዱቄት ነው። በትንሽ ጠርሙስ ከደረቅ ሩዝ ጋር አድርጌ ወደ ባርል ሱቅ ወረድኩ። ባርል ጎረቤቴ ነው፣ በሸለቆው ውስጥ ፍሪጅ ያለው እሱ ብቻ ነው።

"ባርል፣ ፍሪጅህ ውስጥ ቦታ ስጠኝ" አልኩት።

"ለምን?"

"ለሙሽራ።"

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየው። "ሙሽራው ስንት ቀን ያድራል?"

"አንድ ዓመት።"

"አንድ ዓመት ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ሙሽራ ምን ሊረባሽ ነው አንቺ ሴትዮ!"

ደንበኞቹ እስኪወድቁ ሳቁብኝ። እሱ ግን ጠርሙሱን ከቅቤው ኋላ ካስቀመጠው በኋላ ሰው እንዳይከፍተው "መርዝ" ብሎ ጻፈበት።

የዛፍ ፌንጣዎቹ ማታ ማታ መጮህ ጀምረዋል፤ ሦስት ወር ቆጥረህ ውርጭ ጠብቅ ማለት ነው። ከሜይ አበቦች የቀረ የለም፤ በምንጩ ዳር ግን ያቺ ብርቱካናማ አበባ ሞልታለች። ፍሬዋን በጣትህ ስትነካት ተስፈንጥራ ዘሯን ትረጫለች። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አሁንም ሳልነካት አላልፍም።

አክስትህ ዴልፊያ


ፓይን ሌክ
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1954

የተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? ብርዱ ጉልበትዎን እንዳይጎዳው እንሰጋለን። ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ። በረዶው ሽቦ እየበጠሰ ከቤት አስወጥቶኝ ነው የከረመው።

እርስዎ አመል አስለቀቁኝ። ድሮ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ስሄድ መንገዴን ብቻ ነበር የማየው። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ሞቅ ሲል በረዶው ላይ ቁንዶ በርበሬ የተፈጨበት መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በርበሬው ዘለለ! ቁንጫ የምታክል ነፍሳት ናት፤ በሺህ የምትቆጠር፣ በበረዶ ላይ ከወዲያ ወዲህ የምትዘል። ምን እንደምትበላ፣ እንዴት እንደማይበርዳት እንጃ። አለቃዬ "ኤስተል፣ ምን ጠፋብህ?" ብሎ ሲጮህ በአራት እግሬ ሆኜ ነበር። "ምንም አልጠፋብኝም" አልኩት። እውነቴን ነው፣ እንዲያውም አገኘሁ።

ዛፉ ደህና ነው፣ ቅርንጫፉ ሁሉ እንቡጥ ይዟል። ሙሽራው ከቅቤው ኋላ ደህና ነው ወይ ትላለች አይና።

አክባሪዎ ኤስተል


ስዊት በርች
ጁላይ 5 ቀን 1954

ልጄ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ትናንት አገሩ በሙሉ ለነጻነት በዓል ርችት ሲተኩስ እኔ ሰርግ ላይ ነበርኩ።

ዛፉ ዘንድሮ ካምናው አብልጦ አብቧል። የሴቴዋን አበባ አይተሃት ታውቃለህ? ረጃጅሞቹን ሁሉም ያያቸዋል፤ እሷ ግን ከፈትሉ ሥር የተሸጎጠች ትንሽ አረንጓዴ እሾሃማ ኳስ ናት፤ አናቷ ላይ ነጫጭ ጸጉሮች አሏት። እነዚያ ጸጉሮች ሲዘረጉ ደርሳለች ማለት ነው። አሥር ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ ስጠብቃቸው ነበር። ትናንት ተዘረጉ።

ከቋጥኙ ጫፍ ሆኜ ነው የምደርስባቸው፤ ከሥሩ ግን ገደል ነው። ባርል ወገቤን በገመድ አስሮ ጫፉን ዛፍ ላይ ጠምጥሞ ያዘልኝ። የጥንቸል ጭራ በሸንበቆ ጫፍ ላይ አስሬ፣ ዱቄቱን እየነከርኩ አንድ በአንድ ቀባኋቸው።

"ዴልፊያ፣ ብትወድቂ ገመዱን ልልቀቅ ወይስ አብሬሽ ልውረድ?" ይለኛል።

"ዝም ብለህ ያዝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል!"

"የኔም ይንቀጠቀጣል፤ ያንቺ ግን ገደል አፋፍ ላይ ነው።"

ሃምሳ ሦስት አበባ ቀባሁ። ከዚያ ዱቄቱ አለቀ። ጠርሙሱን በውሃ አለቅልቄ የመጨረሻውን ጠብታ እንኳ ላንዲቷ አደረስኩላት። ወርደን ባርል ሱቅ በር ላይ ተቀመጥን። ባርልም ኮፍያውን አውልቆ "ሰርጉ አልቋል፣ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?" አለ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አሁን የቀረው መጠበቅ ነው። ያንተ ዛፍ ወሬ ደግሞ ቶሎ ይድረሰኝ።

አክስትህ ዴልፊያ


ፓይን ሌክ
ኦገስት 29 ቀን 1954

የተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በገደል አፋፍ ላይ መቆምዎን አይና ስትሰማ ተቆጥታለች። ሥራ ስለበዛ ዘገየሁ። ዛፉ ደህና ነው። በጤና ይክረሙልን።

ኤስተል


ስዊት በርች
ኦክቶበር 10 ቀን 1954

ልጄ ኤስተል፣

ጌታን አመስግንልኝ፣ አይናም ተነስታ ታጨብጭብ!

አሥራ አንድ ፍሬ። ከሃምሳ ሦስት አበባ ብዙው ባዶ ሆነ፤ ሽኮኮም ቀድማኝ የወሰደችው አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ሥሩ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ሽኮኮዋ ከላይ እኔ ከታች ሆነን ስንሰዳደብ። ትናንት ውርጭ ጣለና ጠዋት ቅርፊቶቹ ፈነዱ። አንዱን ከፈትኩ፤ ውስጡ ሐር ነው። ሐሩ ላይ ሦስት የሞሉ ፍሬዎች ተኝተዋል፤ የሚያብረቀርቁ፣ ጫፋቸው ላይ ነጭ ጭራ ያላቸው። በመዳፌ ይዤ ክብደታቸውን ስሰማው ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ለባርል ወስጄ አንዷን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ያ ለፍላፊ ሰውዬ ወደ ብርሃን ዘርግቶ አገላብጦ አያት። በመጨረሻ "ከአባቴ ጋር ስንለቅም…" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

አሁን የማይቀረውን ልንገርህ። የእኔ ዛፍ አይከርምም። ጭቃው ሥሩን አዳነለት፣ በሽታው ግን ከላይ ሌላ ቦታ ወጣበት፤ ግማሹ ቅጠል በኦገስት ደርቋል። አለቀስኩ፣ ግን አልተሰበርኩም፤ ያንተ አለና። ማታ ጋደም ስል ያንን ሁለት ሰው የማያቅፈውን ግንድ አስብና እንቅልፌ ይመጣል።

ስለዚህ ስድስቱን ፍሬ ልልክልህ ነው። ከአያትህ ዛፍ ጎን ትከላቸው፤ አንተም ጋ ከእንግዲህ ባዶ ቅርፊት አይውደቅ። ልጆቹም ናቸው እኮ።

ያለፈው ደብዳቤህ ግን አጠረችብኝ። ነፍሳት የለባት፣ አበባ የለባት። አሞሃል እንዴ?

አክስትህ ዴልፊያ


ፓይን ሌክ
ኖቬምበር 1 ቀን 1954

አክስቴ፣

እባክዎ ፍሬዎቹን እዚህ አይላኩ።

ዋሽቼዎታለሁ። በኦገስት "ደህና ነው" ብዬ ስጽፍ ዛፉ ደህና አልነበረም። በአንደኛው ትልቅ ክንድ ላይ ያለው ቅጠል ያለ ጊዜው ጠወለገ። ወጥቼ ሳየው ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ዙሪያ የመርፌ አናት የሚያክሉ ብርቱካናማ ነጥቦች ወጥተውበታል። በመጀመሪያ የነፍሳት እንቁላል መስሎኝ አደነቅኋቸው። እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ ቆሜ አደነቅኋቸው!

እንደ እርስዎ በጭቃ ለሰንኩት። አይና ከታች በባልዲ ጭቃ ትሞላለች፣ እኔ በገመድ እስባለሁ። ሦስት ወር እንዲህ ከረምን። አሁን ግን በአራት ቦታ ወጥቷል።

በእኔ ዛፍ ተስፋ አድርገው እንቅልፍ እንደሚወስድዎ ባይጽፉልኝ ኖሮ ምናልባት አሁንም እዋሽ ነበር። ፍሬዎቹ መጥተው ከታመመ ዛፍ ጎን እንዲተከሉ ግን ሕሊናዬ አልፈቀደም። ይቅር ይበሉኝ።

ኤስተል


ስዊት በርች
ኖቬምበር 16 ቀን 1954

ኤስተል፣

ደብዳቤህን ይዤ እንደገና ወደ እርሻ ባለሙያው ሄድኩ። በሽታው በነፋስ ብቻ አይደለም የሚሄደው አለኝ። በዝናብ ይወርዳል፣ በወፍ እግር ይሄዳል፣ በጥንዚዛ ይሄዳል። ከታመመ ዛፍ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ላይም ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ስትመልስልኝ እንዳታለሳልስ፣ አሮጊት ናት ብለህ እንዳትራራልኝ። ከየት ጀመረ? ያቺን ቅርንጫፍ ካሰርክበት ቦታ ነው?

ዴልፊያ


ፓይን ሌክ
ዲሴምበር 5 ቀን 1954

ውድ አክስቴ፣

አዎ። ከዚያ ነው።

ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ግን ቀሪውንም ይስሙኝ። ቅርንጫፏን የላኩት እርስዎ ነዎት፤ ከዛፉ ላይ ያሰርኳት እኔ ነኝ። በብረት ጥፍሬ ወጥቼ ግንዱን ከሥር እስከ አናቱ የበሳሳሁት እኔ ነኝ። በሽታው በር ካልተከፈተለት አይገባም ይባላል፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ለዘመድ የሚደረገውን አደረጉ። እኔም ለዘመድ የሚደረገውን አደረግሁ። ሁለታችንም በፍቅር ነው የገደልነው። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ከእንግዲህ ለፍሬዎቹ እናስብ። አምና አውሎ ነፋስ ሽቦ በጥሶ ከዚህ ወደ ምዕራብ፣ ሁለት ቀን በመኪና ወደሚያስሄድ አገር ልከውን ነበር። አንድ ከብት አርቢና ሚስቱ ሳምንት አሳደሩን። ቼስትነት የሚባል ስም ሰምተው አያውቁም፤ በዚያ አካባቢ በሽታውን የሚያመጣ አንድ ዛፍ የለም። ሰዎቹ ደግሞ አጥር እንኳ ሲያጥሩ ልክክ አድርገው ነው። ጻፍኩላቸው፣ እሺ ብለዋል።

አሥራ አንዱንም ፍሬ ባርል አጥቦ፣ በእርጥብ አሸዋ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጦ በኤፕሪል ይላክላቸው። ወደ ዛፍዎ ሲወጣ ያደረገውን ልብስና ጫማ እንዳያደርግ። በእኔ በኩል እንዲያልፉ አልፈልግም፤ እጄን አላምነውም። አድራሻውን ለባርል ብቻ በሌላ ፖስታ ልኬለታለሁ።

ለእርስዎ አልነግርዎትም። አይቆጡኝ። ካወቁት አንድ ቀን ያንኑ ወደ ዛፉ የሚወጡበትን ቀሚስ ለብሰው፣ ጫማውን አድርገው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ሊያዩዋቸው ይሄዳሉ። እኔም እንዳልሄድ ለአይና ቃል ገብቼላታለሁ፤ የመኪናውን ቁልፍ ሲያስፈልግ እንድትደብቅብኝ ነግሬያታለሁ።

የሚወድዎ ኤስተል


ስዊት በርች
ጁን 12 ቀን 1955

ልጄ ኤስተል፣

አንተና አይና በጤና ናችሁ ወይ? ሦስት ቀን ተቆጥቼህ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በአራተኛው ቀን ልክ ነህ አልኩ። ከዚያ እስክጽፍልህ ስድስት ወር የሆነው ግን በቁጣ አይደለም። የምነግርህ ነገር እስኪኖረኝ ነው።

በፀደይ ዛፌ አልነቃም። በማርች ነጯ አበባ፣ ሥሯን ሲቆርጧት ደም የምታፈሰው፣ ከግንዱ ሥር ወጥታ አየኋት። በሜይ ዘሯን ጣለች። ጉንዳኖች መጥተው ዘሩን አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ይወስዱት ጀመር። ዘሩ ላይ ትንሽ ነጭ ቅባት አለ፤ እሷን ይበሉና ዘሩን ከጉድጓዳቸው ደጃፍ ይጥሉታል፤ እዚያው ይበቅላል። ግማሽ ቀን ተቀምጬ ሳያቸው ዋልኩ። ለሞተው ዛፍ ላለቅስ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ጉንዳኖቹን አይቼ ቤቴ ገባሁ።

ባርል እንዳልከው አድርጓል። አዲስ ቱታ ገዝቶ፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጥቦ፣ እንደ ቄስ ከብዶት ነው ያሸጋቸው። እኔን ከሱቁ በር ውጭ አቆመኝ። "አንቺ እዚያው ቆመሽ ጸልዪ" አለኝ፤ ጸለይኩ።

ትናንት ደብዳቤ መጣለት። ከከብት አርቢው ሚስት ነው። ሱቁ ውስጥ አስቀመጠኝና አነበበልኝ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ በቅለዋል። አንድ ስንዝር ሆነዋል፣ ቅጠላቸው ጥርስ እንዳለው መጋዝ ነው ትላለች። ጥንቸል እንዳይደርስባቸው ባሏ ለእያንዳንዳቸው ሽቦ አጥሮላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ይዛ ወጥታ እንደምታያቸው፣ አንደኛው ላይ አረንጓዴ ጥንዚዛ አግኝታ ልትገድለው ስትል መልኩ አሳዝኗት እንደተወችው ጽፋለች። "እናት ዛፋቸውን የተንከባከቡትን ሰው አናውቃቸውም፤ ግን መጥተው ቢያዩዋቸው ቤታችን ቤታቸው ነው" ትላለች።

ባርል ይህን ሁሉ ሲያነብልኝ የመንደሩ ስም ያለበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ነበር። ወረቀቱን እኔ ማየት እንድችል ወደ እኔ አዙሮ ያዘልኝ፤ ጣቱን ግን አላነሳም። ጣቱ ወፍራም ነው፣ ግን ቀርፋፋ ሰው ነው፤ ብቀማው እችል ነበር፤ ሁለታችንም ይህን አውቀናል። ስለ ዘጠኙ ቅጠል እንደገና አንብብልኝ አልኩት። እሱ ሲያነብ እኔ ሁለት እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

አክስትህ ዴልፊያ